ወሎ፣ በኦሪገን ሰሞን

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻ

ወደ ደሴ የምሄደው ለለቅሶ ነው። የአክስቴ ባል ያረፉት ኅዳር ላይ ነው። ያኔ ደሴ በጦርነቱ ተይዛ ነበር። ስልክ የለም፣ መንገድ የለም። መርዶው አዲስ አበባ የደረሰን መንገዱ ሲከፈት ነው። ሌሎቹ ዘመዶች በየተራ ደርሰው መጥተዋል። አሁን ተራው የእኔ ነው።

ደብረ ብርሃን ብርድ፣ ደብረ ሲና ቆሎ፣ ሸዋ ሮቢት ላብ። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። አዲሱ ነገር ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። የተቃጠሉ መኪኖች መንገድ ዳር ዝገው ቀርተዋል። አንዱ ላይ ልጆች ወጥተው መሪውን ያዞራሉ።

አውቶቡሱ ውስጥ ግን ስለ መኪኖቹ የሚያወራ የለም። ወሬው ሁሉ ኦሪገን ነው። እዚያ አሜሪካ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ትናንት ተጀምሯል፣ ዛሬ ማታ ደግሞ የሴቶች 10 ሺህ አለ። ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች እስከ ከሚሴ ድረስ ተከራከሩ። አንዱ "ሲፋን ሐሰን መጨረሻ ላይ ትወጣባቸዋለች" ይላል፣ ለኔዘርላንድ የምትሮጠውን ትውልደ ኢትዮጵያዊት ማለቱ ነው። ሌላው የለተሰንበት ግደይን ሪከርድ በቃሉ ይዞታል፣ 29 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ። "ሪከርድ ሜዳሊያ አያመጣም" አለው ያኛው። እውነቱን ነው። ለተሰንበት በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና ብር፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ነሐስ ነው ያገኘችው።

ማታ ኮምቦልቻ አልጋ ይዤ ከታች ወዳለው ምግብ ቤት ወረድኩ። የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች፣ ረዳቶቻቸው፣ ጥግ ላይ ብቻውን አምቦ ውሃ የሚጠጣ አንድ ወጣት ወታደር። ውድድሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ጀመረ። ለ20 ዙር ያህል ሰው እየበላ፣ እየተጨዋወተ ነበር። የመጨረሻው ዙር ላይ ሲፋን ወደ ፊት ስትመጣ ግን ማንም እጁን ወደ ትሪው አልሰደደም። ለተሰንበት አልለቀቀችም። ኬንያውያኑ ኦቢሪና ኪፕኬምቦይ ተጠግተዋት ነበር፣ ሲፋን አራተኛ ሆነች። ለተሰንበት 30:09.94፣ ሁለተኛዋ ኦቢሪ 30:10.02። ልዩነቱ 8 መቶኛ ሰከንድ ነው። ኃይሌ በሲድኒ ኦሊምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ነበር። አስቡት።

ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። አንድ ረዳት ወንበር ላይ ወጥቶ የምግብ ቤቱ ባለቤት አስወረደችው። ጩኸቱ በረድ ሲል ያው ልጅ "የትግራይ ልጅ አይደለችም እንዴ?" አለ። በክፋት አልመሰለኝም። ግን ቤቱ ጭጭ አለ። ኮምቦልቻ እኮ ነው። ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ ሱቁ ሁሉ የደረሰበትን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሰባት ወር ብቻ ነው ያለፈው።

አንድ ሸምገል ያሉ ሹፌር ናቸው ዝምታውን የሰበሩት። "ሩጫውን አይተሃል?"

"አይቻለሁ ጋሼ።"

"ጮኸሃል?"

"ጮኻለሁ።"

"እና ምን ቀረህ?"

ሰው ሳቀ። ወታደሩ አልሳቀም። ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ምን እያሰበ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ የሚጠየቅም አልመሰለኝም።

እሑድ፣ ሐምሌ 10፣ ደሴ

የሐረጎ ጠመዝማዛ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። ሚኒባሱ ቀስ እያለ ወጣ፣ እኛም ቀስ እያልን ጸለይን። ደሴ እንደ ልማዷ በጦሳ ተራራ ሥር ተኮራምታ ጠበቀችን።

አክስቴ ትዳር ስትይዝ ሰልማለች። እኛ ክርስቲያን ነን። ወሎ ውስጥ ይህ ለወሬ የሚበቃ ነገር አይደለም። "አላህ ሰብሩን ይስጥሽ" አልኳት። "አሚን። አብሽር፣ አብሽር" አለችኝ። እኔ ላጽናናት መጥቼ እሷ አጽናናችኝ። የአረፋ ሰሞን ስለነበር ቤቱ ከልቅሶ ቤት ይልቅ የእንግዳ ቤት ይመስላል። ቡናው ተቆልቷል፣ ጎረቤት ገብቶ ይወጣል። ቴሌቪዥኑ ግን በነጠላ ተሸፍኗል።

ባለቤቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሞቱት በጥይት አይደለም። የስኳር መድኃኒት አልቆባቸው ነው። ኢንሱሊን ደሴ ውስጥ በወርቅ የማይገኝበት ጊዜ ነበር። አክስቴ ይህን የምትናገረው እንደ ተራ ነገር ነው፣ ድምጿ አይለወጥም። ስለ እሳቸው ሩጫ ወዳድነት ስታወራ ግን ትስቃለች። በ1993 መስከረም፣ ኃይሌ ሲድኒ ላይ ያሸነፈ ዕለት፣ የሙሽራ ሱሪ እየሰፉ ነበር። ሬዲዮ እየሰሙ የአንዱን እግር ከሌላው ጋር ሰፍተውት ተገኘ። ሙሽራው ሲመጣ "ዛሬ አገር ነው ያገባው፣ አንተ ነገ ታገባለህ" ብለው መለሱት ትላለች። ሙሽራው ምን እንዳለ አልነገረችኝም።

ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ የወንዶች ማራቶን ነበር። ልጆቿ ቴሌቪዥኑን እያዩ እሷን ያያሉ። መጨረሻ ላይ ራሷ ተነስታ ነጠላውን አነሳች። "ክፈቱት እንጂ። እሳቸው ቢኖሩ ይቀርባቸው ነበር?"

ታምራት ቶላ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ተነጠለ። ከዚያ ወዲያ ውድድር አልነበረም። እሱ ብቻ ነበር፣ ከኋላው መንገድ። 2:05:36፣ የሻምፒዮናው ሪከርድ። ሞስነት ገረመው ከደቂቃ በላይ ቆይቶ ሁለተኛ ገባ። ወርቅና ብር በአንድ ከሰዓት። ወደ ፒያሳ ስወጣ ባጃጆች ክላክስ እያሰሙ ይዞራሉ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ነጂ እየሳቀ "ወርቁ ቤንዚን አይሆነኝም" አለ። ቤንዚን ገና መጨመሩ ነው። ክላክሱን ግን አላቆመም። ሒሳቤንም አልቀነሰም።

ማታ ዜናው የቅዳሜውን 10 ሺህ ደግሞ አሳየ። አክስቴ ቡናዋን ይዛ ለተሰንበት ባንዲራ ለብሳ ስትሄድ አየቻት። ብዙ ቆይታ፣

"እናቷ አይታት ይሆን?" አለች።

ስልክ እንደማይሠራ ነገርኳት። ትግራይ ውስጥ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጧል። ልጅቱ ዓለምን አሸንፋ እናቷ ጋ መደወል አትችልም።

"እኛስ?" አለች አክስቴ። "እሳቸው የሞቱ ጊዜ እናንተ ጋ የምደውልበት ነበረኝ?"

ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ አልጽፈውም። ለስላሳ አልነበረም። ደሴ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ያየችውን ያየ ሰው ለስላሳ ቃል አይጠበቅበትም። ግን ያን ማታ ስለ ለተሰንበት እናት ሦስት ጊዜ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ከዚህ ጉዞ የያዝኩት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ወርቁ ቂሟን አላጠፋውም። ስለማታውቃት እናት እንድትጨነቅ ግን ምክንያት ሰጣት። ሬዲዮው፣ ዜናው፣ ስብከቱ ይህን ለወራት አልቻሉትም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 11፣ ሐይቅ

ከደሴ ሐይቅ ከተማ ቅርብ ነው፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። የአክስቴ ትልቁ ልጅ ጤና ጣቢያ ነው የሚሠራው፣ ዛሬ ዕረፍት አለው። እስጢፋኖስ ገዳም በር ድረስ ሄደን፣ ከዚያ ሐይቁ ዳር ዓሣ አዘዝን። ዓሣው ጥሩ ነበር። ዳጣው ደግሞ ከዓሣው በላይ።

የሴቶች ማራቶን እስኪጀምር፣ የስፖርት ድል ሰውን ያቀራርባል ወይ በሚለው ተከራከርን። እኔ አንድ ጥናት አንብቤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ታዋቂ የኢኮኖሚ መጽሔት ላይ ሦስት ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። የአፍሪካ አገሮች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ባሸነፈ ማግስት የተጠየቁ ሰዎችን፣ ከጨዋታው በፊት ከተጠየቁት ጋር አወዳደሩ። ከድል በኋላ የተጠየቁት ብሔራቸውን ከአገራቸው የማስቀደም ነገራቸው ይቀንሳል። የሌላውን ብሔር ሰው የማመን ነገራቸው ይጨምራል። ከዚህም አልፈው ለአፍሪካ ዋንጫ ለጥቂት ያለፉ አገሮችን ለጥቂት ከቀሩት ጋር ሲያስተያዩ፣ ያለፉት ዘንድ በቀጣዩ ስድስት ወር ግጭት ቀንሶ አገኙ።

"ለጥቂት" ሲባል እኛን ያስታውሰኛል። በ2005 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ከሱዳን ጋር በድምሩ 5 ለ 5 ነበርን። ሱዳን ሜዳ ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ ጥቅምት 4 አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፍን። ከሜዳ ውጭ ባገባነው ነው ያለፍነው። ከ31 ዓመት በኋላ። ያን ማታ የማላውቀው ሰው ትከሻዬ ላይ ወጥቶ ነበር። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ በወቅቱም ግድ አልሰጠኝም።

የአክስቴ ልጅ አልተዋጠለትም። "ኮትዲቯርስ?" አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ሲያልፉ ድሮግባና የቡድን ጓደኞቹ ተንበርክከው ተፋላሚዎቹን መሣሪያ አስቀምጡ ብለው ለመኑ። ዓለም አለቀሰ። ከአምስት ዓመት በኋላ በምርጫ ሰበብ አገሬው ተመልሶ ተታኮሰ።

"ፓናዶል ነው" አለ። ጤና ባለሙያ አይደል። "ራስ ምታቱን ያስታግሣል። ወባውን አይነካም።"

"ራስ ምታት ላለበት ሰው ፓናዶል መጥፎ ነው?"

"አላልኩም። ወባው የለም ብለህ አትሂድ ነው የምለው።"

እዚህ ላይ ዝም አሰኘኝ። ስለ አውሮፓ የተሠራ ሌላ ጥናትም የእሱን ወገን ይደግፋል። ትልቅ ውድድር ማስተናገድ የሕዝቡን የሕይወት እርካታ ለአጭር ጊዜ ከፍ ያደርጋል። ቡድኑ ከተጠበቀው በላይ ቢያሸንፍ ግን ያን ያህል የሚታይ ለውጥ የለም። ይህን ሳነብ ገርሞኝ ነበር። ሐይቅ ላይ ሆኜ ግን ትርጉም ሰጠኝ። ሰውን የሚያስደስተው ሜዳሊያው ሳይሆን አብሮ መቀመጡ ይሆናል። አብሮ ለመቀመጥ ደግሞ ወሎ ሜዳሊያ አትጠብቅም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለች ስታስቀምጥ ነው የኖረችው። ሜዳሊያው ሰበብ ነው። ጥሩ ሰበብ።

10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ዓሣ ቤቱ ሞላ። ጎተይቶም ገብረሥላሴ ከኬንያዊቷ ጁዲት ኮሪር ጋር ብዙ ከተጓዘች በኋላ ትታት ሄደች። 2:18:11፣ ይህም የሻምፒዮናው ሪከርድ። እሷም የትግራይ ልጅ ናት፣ እዚህ ግን የማን ልጅ ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወይ አልፈለጉም፣ ወይ ረስተውታል፣ ወይ ዓሣው ጣፍጧቸው ነው። ምክንያቱን መርጬ የምጽፍበት ማስረጃ የለኝም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 12፣ ወልድያ

ንጋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ለሜቻ ግርማ በመሰናክል፣ ጉዳፍ ጸጋይ በ1500 ብር ወሰዱ። ያየሁት መናኸሪያ ቆሜ፣ በሰው ስልክ፣ እየተቆራረጠ ነው። ወደ ወልድያ ያለው መንገድ በውጫሌና በመርሳ በኩል ያልፋል። መርሳ ላይ ዘይቱንና ሙዝ ገዛሁ። ሌላ የሚጻፍ የለም፣ ተኝቼ ነበር።

ወልድያ የድሮ ጓደኛዬ አለ፣ የስፖርት መምህር። ይዞኝ ወደ ስታዲየሙ ሄደ። የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. ጥር ሲመረቅ ጉድ ተብሎለታል። 25 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። ለከተማዋ ስፋት ከልክ በላይ ትልቅ ነው። መምህሩ ግን ይህን ስለው ተቆጣ። "ለአዲስ አበባ ሲሆን ልክ፣ ለወልድያ ሲሆን ትልቅ?" አለኝ። ልክ ነው።

ኩራቱ ግን አንድ ዓመት ሳይሞላ ሌላ መልክ አሳየ። በ2010 ኅዳር ወልድያ ከተማ ከመቐለ ከተማ ሊጫወት ነበር። ከጨዋታው በፊት ግጭት ተነሳ፣ ሰው ሞተ። ጦርነቱ ከመጀመሩ ሦስት ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው። መምህሩ ያን ቀን ከተማው ውስጥ ነበር።

"ያ ጥናትህ ስለ ክለብ ምን ይላል?" አለኝ።

ስለ ብሔራዊ ቡድን ብቻ እንደሆነ ነገርኩት።

"አየህ። አንድ ማልያ ሲለብሱ አገር ይሆናሉ። ሁለት ማልያ ለብሰው፣ ማልያው የክልል ሲሆን ደግሞ ጦር ግንባር ነው።"

ኳስ ያለ ተቃዋሚ አይሞቅም። ኦሪገን ላይ ተቃዋሚው ኬንያ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ጎረቤትም ነው፣ ቂም የለንም። ለሊጉ ክለቦቻችን ግን ተቃዋሚው እዚሁ መንገድ ማዶ ነው። ስለ ስፖርትና ስለ አንድነት የሚደሰኩሩ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 13፣ ወልድያ

ዛሬ ለኢትዮጵያ ሜዳሊያ የለም። ከዚህ ሁሉ ቀን ግን ብዙ የምጽፈው ስለ ዛሬ ነው።

መምህሩ በየጠዋቱ ልጆች ያሮጣል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ክረምት ነው፣ ማንም አልከፈለውም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ 40 የሚሆኑ ልጆች መጥተዋል። ግማሾቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ ሌሎቹ በኮንጎ ጫማ። አበበ በሮም ያለ ጫማ መሮጡን ልጽፍ ነበር፣ ተውኩት። አበበ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ከሮሙ ሦስት ደቂቃ ባነሰ ሰዓት ነው የገባው። ባዶ እግርን የሚያወድሰው ጫማ ያለው ሰው ነው።

ልጆቹ መስመር ይዘው ቆሙ። ፊሽካ ወይም ጭብጨባ ጠበቅኩ። መምህሩ ግን ነጭ ጨርቅ ከፍ አድርጎ ድንገት አወረደው። ተነሱ። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ በኋላ ነገረኝ። የካቲት ላይ ሲጀምር እንጨት ከእንጨት እያጋጨ ነበር የሚያስነሳቸው። የመጀመሪያውን ቀን ድምፁን ሲሰሙ ግማሾቹ ሮጡ፣ ግማሾቹ መሬት ላይ ተኙ። አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ጆሮዋን ይዛ ረጅም ጊዜ አልነሳም አለች። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ነው።

"አሁን ግን ይተኛሉ" አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ማታ ማለቱ ነው። ወላጆች ናቸው የነገሩት። ጠዋት የሮጠ ልጅ ማታ እየባነነ አይነሳም። ሁሉም አይደሉም፣ ብዙዎቹ።

ያቺ የ9 ዓመት ልጅ ዛሬም ነበረች። ማን መሆን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። አዋቂ የሚጠይቀው የሰነፍ ጥያቄ ነው፣ አውቃለሁ።

"ለተሰንበትን" አለች።

መምህሩን አየሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። "ቅዳሜ ማታ ከአባቷ ጋር አይታ ነው። እሑድ ጠዋት እየሮጠች ነው የመጣችው።" አባቷ ምን እንዳለ ጠየቅኩ። "ምን ይላል? 'በርቺ' ነዋ።"

ስለ ሽልማት ተነጋገርን። ሯጮቹ ሲመለሱ ገንዘብና መሬት ይሰጣቸዋል፣ ይገባቸዋል። መምህሩ ግን የአንዱን ሽልማት ሩብ ቢያገኝ ምን እንደሚያደርግበት አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ጫማ፣ ከልምምድ በኋላ የሚጠጣ ወተት፣ ለዝናብ ጊዜ መጠለያ። ስለ ሜዳሊያ አልጠቀሰም። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። የሕዝብ ደስታ ከተፈለገ ርካሹ መንገድ ይህ ሜዳ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 14፣ ወደ ደሴ

ንጋት ላይ በሴቶች መሰናክል ወርቅውሃ ጌታቸው ብር፣ መቅደስ አበበ ነሐስ። ሚኒባሱ ውስጥ ሬዲዮው ሲናገር ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገው። አንድ ሼህ "ማሻ አላህ" አሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጡት መነኩሴ "ተመስገን" አሉ። ከዚያ ሁለቱ ስለ ጤፍ ዋጋ እስከ ውርጌሳ ድረስ ተማረሩ።

ደሴ ስደርስ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጠላው የለም።

ከጉዞው በኋላ

ለእሑድ አጥቢያ ጉዳፍ በ5 ሺህ ወርቅ፣ ዳዊት ስዩም ነሐስ ጨመሩ። 4 ወርቅ፣ 4 ብር፣ 2 ነሐስ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። አዲስ አበባ ለቡድኑ የደመቀ አቀባበል አደረገች።

ነሐሴ 18 ጦርነቱ በቆቦ በኩል እንደገና ጀመረ። ከመጨረሻው ወርቅ አንድ ወር ነው። የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውሎ "ስድስት ወር ነበር ያልከኝ" አለኝ። ሊያሾፍ አልነበረም የደወለው።

መምህሩን ያገኘሁት ጥቅምት መጨረሻ ነው፣ የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ። ልጆቹ ለሳምንታት አልሮጡም ነበር። አሁን ጀምረዋል፣ ከ40ው 31 ተመልሰዋል። የጫማ ቁጥራቸውን በጽሑፍ ላከልኝ፣ ከ32 እስከ 38። መርካቶ ሄጄ ጠየቅኩ። 32 ቁጥር የመሮጫ ጫማ የለም አሉኝ፣ ሌላ ቦታ እየፈለግኩ ነው።